ሁለት አውራ ጣት ያረፈበት ሳጥን

አምባ አስራ ሰባት፣ ባምባሲ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ አንለይ
አዲስ አበባ

ሰላምታውን ሳሊማ ከራሷ ጨምራ ትጻፍልሽ። እኔ ዛሬ ሰላምታ ይዤ አልመጣሁም።

(እየሩስዬ፣ እንዴት ነሽ? አባ አንለይ ጤናቸው ደህና ነው፤ ቁጣቸውም ደህና ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእሳቸው ቃል ነው። «ትንሽ ላለስልሰው?» ብላቸው «አንቺ የአራተኛ ክፍል ልጆችሽን አስተምሪ፣ እኔን ተዪኝ» ስላሉኝ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ሳሊማ)

ያ የሠራሽው ሳጥን አይናገርም።

በስልክ ለምን አልነገሩኝም እንዳትዪ። በስልክ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትዪና ትዘጊያለሽ። እሺሽን ኋላ የት አገኘዋለሁ? ወረቀት ከሆነ ሳሊማ ደጋግማ ታነብልኛለች። ያልሽውን አላልኩም ብትዪ አውጥቼ አስነብብብሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐመድ በነሐሴ ከሞተ ወዲህ ልጁ ሙርሳል ከብቱን ጎህ ሳይቀድ ምንጩ ላይ ያሰልፋል። የእኔ ከብት የሚደርሰው ፀሐይ ከናረች በኋላ ነው፣ ውሃው ተረግጦ ጭቃ ሲሆን። ያን ምንጭ ከወሎ በመጣን በዓመቱ ቆፍሬ፣ ድንጋይ ተሸክሜ የገነባሁት እኔ ነኝ። የጠዋቱን ተራ ለሐመድ የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ግን የሰጠሁት ለሐመድ ነው፣ ለሐመድ ዕድሜ። ሐመድ ሲሞት ጠዋቱ ወደ እኔ ይመለሳል። ሙርሳል ግን በቋንቋቸው አጎቴ እያለ፣ ዓይኔን እያየ «ያ ዐሚ፣ ለአባቴና ለልጆቹ ነው ያልከው» ይለኛል። እኔ አንለይ አበጀ ከአፌ የወጣውን የማላውቅ ሰው ሆንኩ።

ጥሩ፤ ቃሉ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ያን የሳሙና ያህል ሳጥን ሠርተሽ ያመጣሽው ለዚህ አልነበረም? ሐመድም እኔም ፊደል አንቆጥርም። ሌላ ሰው የጻፈው ወረቀት ላይ ጣታችንን አንነክርም አልን፤ ምን እንደተጻፈ በምን እናውቃለን? ድምጻችንን ግን እናውቃለን። ማንጎው ሥር ተቀምጠን ተናገርን፣ ቀዳሽው፣ ሳጥኑን በሙጫ ዘጋሽው። ሙጫው ሳይደርቅ እሱ አውራ ጣቱን፣ እኔም አውራ ጣቴን አሳረፍንበት። ከዚያ ወዲህ ዓመት በእሱ ቤት፣ ዓመት በእኔ ቤት ሲቀመጥ ኖሯል።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው። ከቆጡ ባወርደው ከውጭ የተንጠለጠለችውን የድምጽ ማጉያ ሽቦ አይጥ ከሥሯ በልቷታል። ቁልፉን ስጫን መብራቱ ይበራል፣ ድምጽ የለም። ሙርሳል ይህን ሲሰማ በሰው ፊት ምን አለ? «አይጡን አንለይ ነው የቀለበው» አለ። ሰው ሳቀ።

ሳሊማ ደግሞ «ፍላሽ ሰክተን ድምጹን እንገልብጠውና በስልክ እናሰማው» አለች። ስልኳ ላይ ፍላሽ የምትሰካባት አጭር መቀጠያ አለቻት፤ በእሷ አድርጋ ከሳጥኑ ቀዳዳ ሰካችው። የፍላሹ መብራት እንኳ ብልጭ አላለም። የሙርሳልን ሰካን፣ ያው። ባምባሲ ሄደን አዲስ አምጥተን ሰካን፣ ያው። ያንኑ ፍላሽ በዚያችው መቀጠያ ስልኳ ላይ ስትሰካው ይሠራል። የሻንጋይ ይሁን የየት የማይታወቅ ስልክ የሚቀበለውን፣ ልጄ በእጇ የሠራችው ሳጥን አይቀበልም።

ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው ቀን ቆርጠዋል። እኛ ዐቢይ ጾም ልንይዝ ነው፣ እነሱ ረመዳን ሊይዙ ነው፤ በባዶ ሆድ ተሰብስበን ከምንደባደብ አንዱ ወገን እንኳ ይፍታ፣ ከዒድ በኋላ ይሁን ተባለ፤ መጋቢት 30። በዚያ ቀን ሳጥኑ ካልተናገረ የሚሆነውን ነግረውኛል። የተበላሸው በእኔ ቤት ነውና ቃሉን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋቱም ይሄዳል፣ ስሜም ይሄዳል። አንለይ ቃሉን በላ ይባላል፣ በሰባ ሰባት ዓመቴ።

እንዲህ ያለ ዲዳ ሠርተሽ የሁለት ሽማግሌ ጣት ያሳረፍሽበት ለምንድን ነው? መልሱን ለሾፌሩ ለዋቅሹማ ስጪው፤ ወደ አሶሳ ሲያልፍ ባምባሲ ላይ ያደርስልኛል።

አባትሽ
አንለይ አበጀ


አምባ አስራ ሰባት
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ

ደብዳቤሽ ደረሰ። ሳሊማ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተናደድኩ።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ። ሙጫው አልተነካም። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ አይርገበገብም። አይ፣ ውሃ አልገባበትም፤ ቆጥ ላይ ምን ውሃ አለ? የጉልበቴን ነገር ተዪው፤ ከጉልበቴ ጋር የተጣላሁት ዛሬ አይደለም።

ለሙርሳል የላክሽውን ሰላምታ አላደረስኩም። የራሱ አድራሻ አለው፣ ራስሽ ጻፊለት።

«ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ያገናኙት፣ ይከፈታል» ብለሻል። አገናኘነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ሙርሳልም መጣ፣ ከእሱ ወገን ሦስት፣ ከእኛ አራት ሆነን ቆምን። ሳሊማ የስልኳን ቻርጀር ገመድ አንዱን ጫፍ ከሳጥኑ፣ አንዱን ከኮምፒውተሩ ሰካች። የሳጥኑ መብራት በራ። ሁላችንም ቀና አልን። ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልመጣበት ጭጭ። የሙርሳልን ቻርጀር ገመድ አመጣን። መብራት አለ፣ ሌላ የለም። ሦስተኛ ገመድ ከሱቅ መጣ። እንደዚያው። ሙርሳል እጁን አጣምሮ «ያ ዐሚ፣ ይሄ ሳጥን እንዳንተ ነው፤ ዓይኑ ይበራል፣ ሲጠይቁት አይመልስም» አለኝ። የእኛም ሰዎች ሳቁ፤ የእኛ።

ንዴቴ ወጣና ቤት ሄጄ መዶሻ አመጣሁ። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሚሞሪ አውጥተን እንስማ አልኩ። ሙርሳል በሳጥኑ ላይ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ከላዩ የአባቴ ጣት አለ። በእጄ ላይ ምታ» አለኝ። ሳቁ ቆመ። መዶሻውን ይዤ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ልጁ አባቱን መሰለኝ፤ ይህን ግን አልነገርኩትም፣ አንቺም አትንገሪው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። «ሳጥኑ አልተበላሸም፤ ፍላሽ እንዳይቀበል ተደርጎ ነው የተሠራው» ብለሽ ጽፈሻል። አውቀሽ ነው የዘጋሽው ማለት ነው። ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ? ያስተማርኩሽ ሰው ነገር ሲሰጥሽ በር እንድትዘጊ ነው? ቀዳዳ ሰርተሽ፣ ቀዳዳው አይቀበልም ትያለሽ። ታዲያ ለምን ቀዳዳ አደረግሽበት?

ደግሞ ይሄ ከሁሉ የባሰ ነው፦ «ሳጥኑን ትተው ከሙርሳል ጋር ቢነጋገሩ ምናለ» ትያለሽ። ምን ልነጋገር? እኔ ልለምነው? ሰው ሰውን የሚለማመጠው ነገር ሲጠፋበት ነው። እኔ ምንም አልጠፋብኝም። ቃሌ በሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ አንቺ ግን የቁልፉን ነገር እየዞርሽ ታወሪኛለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ የሆነ ነገር ስትደብቂ ብዙ ሰላምታ ታበዢያለሽ። በዚህ ደብዳቤ ሰላምታው አንድ ገጽ ሞልቷል። ሳሊማም አይታዋለች።

ግልጹን ጻፊ፦ ማን ዘጋው፣ እንዴት ይከፈታል? ጾሜን ነኝ፣ ብዙ አታናግሪኝ።

አባትሽ
አንለይ አበጀ

(እየሩስዬ፣ ሰላምታው በዝቷል ያሉት እውነት ነው። እኔም ጠርጥሬአለሁ። ሳሊማ)


አዲስ አበባ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ ለአቶ አንለይ አበጀ

እንደምን አሉልኝ? ሰላምታ አላበዛም፤ ልክ ነዎት።

ግልጹን ልጻፍ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ መዳፍ የማይሞላ ቦርድ። በቀዳዳው በኩል ከሌላ ዕቃ ጋር ሲገናኝ ሁለት ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው አዛዥ መሆን ነው። አዛዥ ከሆነ ለፍላሹ መብራት ይሰጣል፣ «ማነህ፣ ምን ይዘሃል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ሁለተኛው ታዛዥ መሆን ነው። ታዛዥ ከሆነ ማንንም አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር ሲጠይቀው ብቻ ይመልሳል። ፍላሽ በተፈጥሮው ታዛዥ ነው። ሳጥኑም ታዛዥ ተደርጓል። ስለዚህ ሁለቱን ስታገናኟቸው እያንዳንዱ ሌላው እስኪያዘው እየጠበቀ ቁጭ ብሏል። የተበላሸ ነገር የለም።

የሳሊማ ስልክ እንደ ሁኔታው ይለዋወጣል። ያቺ አጭር መቀጠያ ስትሰካበት «አሁን አንተ እዘዝ» የሚል ምልክት ትሰጠዋለች፣ እሱም ይሰማታል። የሳጥኑን ቦርድ ግን ይህን ምልክት እንዳይሰማ አድርጌዋለሁ። ሲነሣ የሚያነባት አንዲት መስመር አለች፤ እዚያ ላይ «ሁልጊዜ ታዛዥ ሁን» ብዬ ጽፌበታለሁ። የያዘውንም ያስነብባል እንጂ በላዩ አያስጽፍም።

ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ ብለው ጠይቀዋል። አባዬ፣ እርስዎ ነዎት ያሉኝ። እርስዎና አባ ሐመድ። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ዘፈን ሊገለብጥ ፍላሽ ሰክቶ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር በቫይረስ ገድሎት ነበር። ስለዚህ «ከውጭ ምንም አይግባበት፤ እኛ ከሞትን በኋላ አንድ ጎረምሳ ሰክቶ ቃል እንዳይጨምርብን» አላችሁ። እኔም እንዳላችሁት አደረግኩ። ቀዳዳውን የተውኩት በኮምፒውተር በኩል እንዲሰማ ነው።

ገመዱን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መንገር ነበረብኝ። ብዙ የቻርጀር ገመድ ውስጡ ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ መብራት ያሳልፋል፣ ወሬ አያሳልፍም። መብራቱ በርቶ ኮምፒውተሩ ዝም ያለው ለዚህ ነው። አራት ሽቦ ያለውን ገመድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በዋቅሹማ ልኬአለሁ። ሳሊማ ትሰካዋለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሳጥኑ እንደ ፍላሽ ብቅ ይላል፣ ውስጡ አንድ የድምጽ ፋይል ብቻ አለ። ገመዱ ከመሥሪያ ቤት የተዋስኩት ስለሆነ ሲጨርሱ ይላኩልኝ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከመጋቢት 30 በፊት ብቻዎን ይስሙት። ሳሊማ ትክፈትልዎና ትውጣ፣ እርስዎ ብቻዎን ይቀመጡ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። በዚያ ቀን ማንጎው ሥር እኔም ነበርኩ። የሰማሁትን ልጻፍልዎ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ብጽፍ ልጄ ከሙርሳል ጋር አበረች ይሉኛል፤ ባልጽፍ ደግሞ ይኸው ደበቅሽ ይሉኛል።

ለሳሊማ ያልኩትን በሌላ ቁራጭ ወረቀት አድርጌዋለሁ። እሱ የእሷ ነው።

ልጅዎ እየሩስ


አምባ አስራ ሰባት
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ

ገመዱ ደርሷል። ዋቅሹማ በኪሱ ይዞ ወርዶ በእጄ ሰጠኝ። «አባ፣ ይሄ ምን ያህል ዋጋ ቢኖረው ነው ልጅዎ አምስት ጊዜ የደወለችልኝ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። የማላውቀው ብዙ ሆኗል።

እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ? እኔ ከውጭ ምንም አይግባ አልኩ? አላልኩም ልልሽ ነበር፣ ሳሊማም ብዕሯን አንሥታ ልትጽፈው ነበር። ከዚያ የሞተው ኮምፒውተር ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ተናድጄ ነበር፤ ስናደድ የተናገርኩት ሁሉ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ አልክድም፣ ግን አላመንኩሽም። ሳጥኑ ይናገር።

ሐመድ ብሎት ይሆናል። እሱ ተጠራጣሪ ነበር፤ ፍየሉን ከመሸጡ በፊት ገዢውን ሁለት ቀን ያሳድር ነበር።

አሁን የለመንሽኝን ስሚ። ብቻዬን አልሰማም። ያን የሚያህል ትምህርት ተምረሽ ይህን እንዴት አታውቂም? ሳጥኑ የሁለት ሰው ጣት አለበት። አንዱ ጣት ብቻውን ገብቶ ሰምቶ ከወጣ ነገ ምን ይባላል? አንለይ በር ዘግቶ የሚፈልገውን አስቀርቶ የማይፈልገውን ቆረጠው ይባላል። ሳጥኑ ቃል አያስጨምርም ብትዪ ማን ያምናል? አይጡን አንለይ ቀለበው ያለ ሰው ይህንንስ አይልም? ገመዱን ከነላስቲኩ አጣጥፌ ለሙርሳል አሳየሁት። «ይሄው፣ አልተነካም። መጋቢት 30 አብረን እንሰካዋለን» አልኩት። አየት አደረገኝና «ደህና፣ ያ ዐሚ» አለ። ከነሐሴ ወዲህ በሳቅ ያልጨረሰው ንግግር ይሄ ብቻ ነው።

የሚያስፈራሽ ነገር ምንድን ነው? የማፍር ይመስልሻል? ከአፌ የወጣ ነገር አያሳፍረኝም። ልክ ካልሆንኩ በአርባ ሰው ፊት ልክ አይደለሁም እላለሁ፤ ልክ ከሆንኩ ደግሞ አርባው ሰው ይስማኝ።

ስለዚያ ቁራጭ ወረቀትሽ። ሳሊማ ለራሷ ብቻ አነበበችው። «በይ አንብቢልኝ» ብላት «ይሄ የእኔ ነው» ብላ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። በቤቴ፣ በወንበሬ ተቀምጣ። የአንቺን ደብዳቤ አንድ ዓመት ሙሉ ስታነብልኝ የደበቀችኝ ነገር የለም፤ አንቺ ደህናዋን ሰው አበላሸሽብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታየኝ ዓይኗን ታወርዳለች፣ እንጎቻም ታመጣልኛለች። ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኳት። «ማንም አልሞተም፣ አባ» አለችኝ። ታዲያ እንጎቻው ለምንድን ነው?

እናንተ የተማራችሁ ሰዎች እኛ ፊደል ስላልቆጠርን ወረቀት አጥፋችሁ ብትይዙ የምናይ አይመስላችሁም። እጥፋቱ ይታየኛል።

አባትሽ
አንለይ አበጀ


አዲስ አበባ
መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ

ይህ ደብዳቤ ከቀኑ በፊት እንዲደርስ ዋቅሹማን ለምኜዋለሁ።

ያሉት ሁሉ ገብቶኛል። ብቻዎን የማይሰሙበት ምክንያት ከእኔ ምክንያት ይበልጣል፤ እኔ እሱን አላሰብኩም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንግዲያው በአርባው ሰው ፊት ይስሙት። ግን ቆመው አይስሙ። ወንበር ያስመጡ፣ ጀርባዎን ወደ ሰው ያድርጉ። ሳሊማ አጠገብዎ ትሁን። ሌላ አልጨምርም።

መምጣት ነበረብኝ። ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ። ፈቃድ ባይሰጡኝም መምጣት ነበረብኝ፤ ይህንንም ጻፉብኝ።

ገመዱን አይርሱብኝ።

እየሩስ


አምባ አስራ ሰባት
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ

ተናገረ።

ዝርዝሩን ሳሊማ ለብቻዋ ትጽፍልሻለች፤ እኔ አልደግመውም። ሦስት ቀን ሙሉ ለመጻፍ ስትመጣ ነገ ነይ እያልኩ መልሻታለሁ። ዛሬ ተቀምጫለሁ፤ ተቆጥቼ ነው የተቀመጥኩት።

ታውቂ ነበር። ስምንት ዓመት ታውቂ ነበር። እናትሽ ከሞተችም አምስት ዓመት አለፈ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሳጥኑ በእኔ ቆጥ ላይ፣ በሐመድ ቆጥ ላይ ሲቀመጥ ከውስጡ ማን እንዳለ ታውቂ ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ የእማዬ ድምጽ እዚያ አለ» አላልሽኝም። እኔ ከቀበርኳት ወዲህ ድምጿን ለማስታወስ ስንት ጊዜ እንደደከምኩ ታውቂያለሽ? ፊቷ ይመጣልኛል፣ ሳቋ ይመጣልኛል፣ ድምጿ አይመጣም። ሐዘንዎን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ነው ትዪ ይሆናል። በእኔ ሐዘን ላይ ማን ሾመሽ?

ወንበር አላስመጣሁም። ቆሜ ነው የሰማሁት።

መጀመሪያ የአንቺ ድምጽ ነው፣ የልጅ ድምጽ። «አባዬ፣ ፍላሽ ይቀበል ወይስ አይቀበል?» ትያለሽ። እኔ ደግሞ፣ ያውም እየጮህኩ፣ «ከውጭ ምንም አይግባበት» እላለሁ። አርባው ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሐመድ አልነበረም፤ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። የካቲት ላይ የሰደብኩሽን ስድብ መልሼ ወስጃለሁ። የሚያዝያውን አልወሰድኩም።

ከዚያ «ጠዋቱ የሐመድ ነው» እላለሁ። ዝም። እንዲሁ ዝም። ወደ ሙርሳል ዞሬ «ሰማህ?» ልለው የቀረኝ ትንሽ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ናት ያስቆመችኝ።

«ለልጆቹም በል እንጂ፣ አንለይ። የተሸከሙኝ ልጆቹ አይደሉም?»

ምን እንደምትል ታውቂያለሽ፤ አንቺ ነሽ የቀዳሽው። ክረምት ላይ ታመመች፣ መኪና ጭቃው ላይ ቆሞ ነበር፣ የሐመድ ልጆች በቃሬዛ እስከ ባምባሲ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሙርሳል ከፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ኖረች። ጠዋቱን የሰጠሁት ለዚህ ነበር። ለማን እንደሰጠሁ ይዤ ለምን እንደሰጠሁ ረሳሁ። የረሳሁት አልመሰለኝም፤ የማውቅ መሰለኝ። ሰው የሚያውቅ ሲመስለው እንዲህ ይጮሃል።

እኔም በሳጥኑ ውስጥ «እሺ። ለልጆቹም» እላለሁ። ድምጹ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ነው አልል ነገር አሳሉም የእኔ ነው።

ሳሊማ ቁልፉን ልትጫንና ልታቆመው እጇን ስትዘረጋ «ተዪው» አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማነው። መጨረሻው ላይ እሷ ለሐመድ ማንጎ እየላጠች ትስቃለች። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሙርሳልም።

«ሰምቻለሁ። ጠዋቱ የሙርሳል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሙርሳል ተከትሎኝ መጣና «ያ ዐሚ፣ እሑድና ረቡዕ ጠዋት አንተ አጠጣ» አለኝ። የራሴን ስጦታ ቆርሶ ሊመጸውተኝ። አልፈልግም አልኩት። የሰጠሁትን አልቀበልም። እሱም ተቆጣ፤ «አንተ ስትሰጥ ጥሩ፣ እኔ ስሰጥ ነውር?» አለኝ። አሁን ደግሞ በዚህ ተጣልተናል። ተዪው፣ ይሄኛው ደህና ጠብ ነው።

ከብቶቼ ከሰዓት በኋላ ይጠጣሉ። በዚያ ሰዓት ውሃው ይሞቃል፣ አይወዱትም። ይልመዱት።

ሳሊማ ያቺን መስመር ልታስቀይርሽ ነበር። «ሳጥኑ አዛዥ ይሁን፣ ፍላሽ ይቀበል፣ ለሁሉም አንድ አንድ እንገልብጥ» አለች። እኔም ሙርሳልም፣ ሳንነጋገር፣ በአንድ አፍ አይቀየርም አልን። በስልክ ስልኩ ተበትኖ እሷ መንገድ ላይ ስትስቅ መስማት አልፈልግም። ሙርሳልም የአባቱ ሳል በየሱቁ እንዲሰማ አይፈልግም። እንዳለ ይኑር፤ ሲጠይቁት ይመልስ፣ ከውጭ ምንም አይግባበት። ይህን አሁን ሳልናደድ ነው የምናገረው፣ ኋላ አላልኩም እንዳልል ሳሊማ ጽፋዋለች።

በመስከረም ተራው የሙርሳል ነውና ሳጥኑ ወደ እሱ ቤት ይሄዳል። አባቱን መስማት ሲፈልግ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔም እሷን መስማት ስፈልግ ወደ እሱ እሄዳለሁ፣ አብረን ትምህርት ቤት እንወርዳለን። ሌላ መንገድ የለም፤ ሳጥኑ በእሱ ዘንድ ነው፣ ገመዱ በእኔ ዘንድ።

ገመዱን ላኩልኝ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። አልልክም። መሥሪያ ቤትሽ ከጠየቁሽ አይጥ በላው በያቸው።

አባትሽ
አንለይ አበጀ